ከ2.28 ወደ 4.7፦ ስምንት ወር በተቀየረ የትራንስፈር ኬዝ ማርሽ

መኪናዬ የድሮው ሃይሉክስ ነው። 2.8 ናፍጣ፣ ቱርቦ የለውም፣ ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ። ከፍ አድርጌው 33 ጎማ ሳስገባለት ቁመናው አማረ፣ ጉልበቱ ግን ከዳኝ። ድሮም በአዲስ አበባ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። እኔ ደግሞ ከ29 ኢንች ተነስቼ 14 በመቶ ያህል ሸክም ጨመርኩበት። ፍጥነት ጠቋሚው 70 ሲል የምነዳው 80 ነው።

ትራንስፈር ኬዝ የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮ ተቀብሎ ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ለመደበኛ መንገድ ሃይ፣ ዝግ ብሎ በጉልበት ለመሄድ ሎው አለው። የእኔ ሎው 2.28 ነበር፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጉልበት ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንዱ ሁለት ትራንስፈር ኬዝ ከፊትና ከኋላ አያይዞ መግጠም ነው። 2.28 በ2.28 ሲባዛ 5.2 ይሆናል፣ 2.28ቱም አይጠፋም። ግን ካርዳኑ (ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ተቆርጦ በልኩ መሠራት፣ ተሸካሚው ብረትም ቦታ መቀየር አለበት። የቶርኖ ቤት ምልልሱ ገና ሳስበው ደከመኝና ሁለተኛውን መረጥኩ፤ የውስጡን የሎው ማርሽ በ4.7 መቀየር። ከውጭ የሚነካ ነገር የለም።

መካኒኬ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። «ከማዘዝህ በፊት ጥርሱን ቁጠር ልጄ» አሉኝ። ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግ ጥርስ 21 ወይም 23 ነው፤ ከተሳሳቱ ያ ሁሉ ብር በር ማስደገፊያ ይሆናል። ኬዙን አውርደው አንዱን ጥርስ በጠመኔ ቀቡና ሁለቴ ቆጠርን። 21። ማርሹ በአክስቴ ልጅ ሻንጣ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ መጣ። የካቲት ላይ ገጠምነው።

ዳገት እንደሚወጣ ጠብቄ ነበር። ያላሰብኩት ቁልቁለቱን ነው። ወጨጫ ላይ ዘመዶች አሉን፤ ከዚያ ወደ ሰበታ ስንወርድ ዝናብ የመታው ድንጋይ ላይ ፍሬን ስረግጥ ጎማው ይቆልፍና መኪናው በጎን ይንሸራተት ነበር። አሁን አንደኛ ሎው አስገብቼ እግሬን ከሁሉም ፔዳል አነሳለሁ። በእግረኛ ፍጥነት ራሱ ይወርዳል። እማዬ ያን መንገድ መቁጠሪያዋን ጨብጣ ነበር የምትወርደው፤ ዛሬ የሰፈር ወሬ ታወራለች።

ሐምሌ ላይ ሱሉልታ ሄድኩና ጉዴ ፈላ። የዋልካ ጭቃ ጎማው በፍጥነት ዞሮ ራሱን እንዲያራግፍ ይፈልጋል። በ4.7 ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን ያዘግማል፤ የጎማው ጥርስ በጭቃ ተሞልቶ የተመረገ ግድግዳ መሰለ። ሃይ ላይ ሳደርገው ደግሞ ሞተሩ ታፈነ። መሀል ላይ የሚሆን ማርሽ የለም። አንድ አይሱዙ ጎትቶ አወጣኝ፣ ሾፌሩ እየሳቀ።

ክሮቼራም (የካርዳኑን መጋጠሚያ መስቀል) ሰብሬያለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ጎማው ድንጋይ መሀል ተቀርቅሮ ነዳጅ ረገጥኩ። በሎው ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ያንን ሁሉ የሚሸከመው ካርዳኑ ነው። ከኋላ ይሰማኝ የነበረው ንዝረት ግን ከማርሹ አልነበረም፤ መኪናው ከፍ ሲል የካርዳኑ አንግል ተበላሽቶ ነው። ባሌስትራው ሥር የብረት ሽብልቅ ሲገባ ንዝረቱ ጠፋ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አስፋልት ላይ ነው። በዚህ ኬዝ ሃይ እንደነበረ አንድ ለአንድ ነው፣ አልተነካም። ትልቅ ጎማ የቀማችሁን ጉልበት አስፋልት ላይ የሚመልሰው የዲፈረንሻል ማርሽ ነው። እኔ ዛሬም የእንጦጦን ዳገት በሦስተኛ እያቃሰትኩ ነው የምወጣው።

መንገዳችሁ ድንጋይና ገደል ከሆነ ግቡበት። ጭቃ ብቻ ከሆነ 2.28ቱን አትንኩት፣ ገንዘቡን ጥሩ ጎማ ግዙበት።

የድሮው ማርሽ ዘይት ተቀብቶ አልጋ ሥር ተቀምጧል። መካኒኬ ሽጠው ይሉኛል። እኔ ግን ሁለተኛ አሮጌ ኬዝ እያፈላለግሁ ነው፤ ከተገኘ ሁለቱም ማርሾች አብረው ይሠራሉ። ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም።