ጎግል ትራንስሌት በቱርክ ቤተሰብ ቋንቋዎች፦ የቱ ይታመናል፣ የቱ ያሳስታል?

የቱርክ ቋንቋዎች ከባልካን እስከ ሳይቤሪያ ተዘርግተው ከ30 በላይ ናቸው። ጎግል ትራንስሌት የያዛቸው ከፊሎቹን ነው። ኪርጊዝኛ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአማርኛ ጋር አብሮ ገባ፤ ታታርኛ፣ ቱርክመንኛና ኡይጉርኛ በ2020፣ ባሽኪርኛ፣ ቹቫሽኛና ያኩትኛ ደግሞ በ2024 ተጨመሩ። ለንግድም ለጉዞም የሚያዋጣው ግን አሁንም ዋናው ቱርክኛ ነው።

ጎግል ቅጥያ ላይ፣ ማለትም በቃል መጨረሻ በሚቀጠሉት ክፍሎች ላይ፣ ጎበዝ ነው። ኤቭ ቤት፣ ኤቭሌር ቤቶች፣ ኤቭሌሪሚዝ ቤቶቻችን፣ ኤቭሌሪሚዝዴ በቤቶቻችን፤ ቅጥያው በረዘመ ቁጥር ይጠፋበታል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። የዕቃ ዝርዝር፣ የማስረከቢያ ቀን፣ አጭር ማስታወቂያ በደህና ይወጣል።

ችግሩ ሰው ሲገባበት ነው። የቱርክኛው «ኦ» እሱም፣ እሷም፣ ያም ነው። ጎግል ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለአንዳንድ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ የሴትና የወንድ ትርጉም ጎን ለጎን ያሳያል፤ አማርኛ ላይ ግን ገምቶ አንዱን ይሰጣል። ስለዚህ በተውላጠ ስም ፈንታ የሰውየውን ስም ጻፉ። አክብሮትም እንዲሁ ነው፦ «ሴን» አንተና አንቺ፣ «ሲዝ» ደግሞ እርስዎና እናንተ ነው። ለታላቅ ሰው መልእክት ከመላካችሁ በፊት ቱርክኛውን እዩት። «ናስልስንዝ» ካለ በአክብሮት «እንዴት ነዎት» ብሏል፤ «ናስልስን» ካለ ሰውየውን አንተ ብሎታል።

ከሁሉም የሚቆጨው ሌላ ነው። ቱርክኛ «ጌልዲ» ሲል መጣ ማለቱ ነው፤ «ጌልሚሽ» ሲል ተናጋሪው በዓይኑ አላየም፣ መጣ አሉ ወይም መጥቶ ኖሯል ነው። አማርኛ ለዚህ የሚሆን አባባል ሞልቶታል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም በአንድ «መጣ» ስለሚያልፋቸው በእንግሊዝኛ አዙሮ የሚተረጉም ሰው ልዩነቱን ያጣዋል። «ዕቃው ተጭኗል» የሚል መልስ ሲመጣላችሁ ግሱ «ሚሽ» ወይም «ሙሽ» ብሎ ካበቃ ጸሐፊው የሰማውን ሊሆን ይችላል የሚነግራችሁ፤ ራሱ አይቶ እንደሆነ ጠይቁት።

አጻጻፍ ላይ አትቸኩሉ። ከ1928 ወዲህ ያለው የቱርክ ፊደል 29 ሆሄ አለው፤ ነጥብ ያለው «ኢ» እና ነጥብ የሌለው «እ» ይለያያሉ። የኋለኛው ድምፅ ከእኛ ሳድስ ብዙም አይርቅም፤ ሐበሻ በጆሮው ቶሎ የሚይዘው ለዚህ ነው። ጣቱ ግን ይሳሳታል፦ «ስንር» ድንበር ነው፣ «ሲኒር» ነርቭ። በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ከጻፋችሁ ሁለቱም አንድ ይሆናሉ። በስልኩ ቅንብር ውስጥ የቱርክኛ ሰሌዳ ጨምሩ። ከላዩ የቆብ ምልክት ያለበትን «ኣ» (â) ለማግኘት ደግሞ ተራውን (a) ተጭናችሁ ያዙ፤ ያለ ቆቡ «ካር» በረዶ ነው፣ ከነቆቡ ትርፍ። ሒሳብ የሚጻጻፍ ነጋዴ ይህን ይያዝ።

ቋንቋውንም ራሱ እንዲለይ አትተዉት፣ በእጃችሁ ምረጡ። አዘርባጃንኛና ቱርክኛ በጣም ስለሚቀራረቡ አጭር ጽሑፍ ላይ መምታታት አለ። «ዱሽመክ» በቱርክኛ መውደቅ ነው፤ በአዘርባጃንኛ ግን ከአውቶቡስ መውረድም ነው።