ደብረ ብርሃን ላይ የፍቺ ጠበቃ ለምትፈልጉ

ታናሽ እህቴ ከባሏ ጋር ስትፋታ ደብረ ብርሃን ላይ ቢሮ ለቢሮ የዞርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ "ጠበቃችሁ እንዴት ነበር?" ይለኛል። እነሆ።

ሲጀመር ለፍቺው ብቻ ከሆነ ብዙ ገንዘብ አታፍስሱ። ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ስምምነቱን በጽሑፍ ታቀርባላችሁ፣ ፍርድ ቤቱ አይቶ ያጸድቀዋል። አንደኛው ወገን ብቻ ቢፈልግም አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ዳኛው ግን ዘሎ አያፋታም፤ እስኪ በሽማግሌ ሞክሩት ይላል፣ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። እስከዚህ ድረስ ደህና ራፖር ጸሐፊ ይበቃል። ጠበቃ የሚያስፈልገው ንብረትና ልጅ ላይ ነው።

ደግሞ እኛ ጋ "ሽማግሌ ፊት ተለያይተን፣ ሰማንያውን ቀደን ጨርሰናል" የሚል ሰው ሞልቷል። አልጨረሳችሁም! ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያስማማል፤ ፍቺውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ይህን ሳያውቁ ሌላ አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ኋላ ውርስ ሲመጣ ጉድ የሚፈላባቸው ስንት አሉ።

ወደ ጠበቆቹ ልምጣ። የመጀመሪያው በዘመድ የተገኘ፣ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ነው። አፉ ቅቤ ነው። "ልብሱን ብቻ አስይዘን ነው የምናስወጣው" ሲል እህቴ ፊቷ በራ፣ እኔ ደግሞ ያኔውኑ ጠረጠርኩ። ውል እንፈራረም ስንለው "እኔ በመተማመን ነው የምሠራው" አለና ክፍያውን በሙሉ በቅድሚያ ጠየቀ። ያረቀቀው አቤቱታ ደግሞ 213/1992ን ይጠቅሳል። እሱ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ስህተቱን ማን ያየው መሰላችሁ? ፍርድ ቤት በር ላይ ዣንጥላ ተክሎ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ! ለማንኛውም ጠበቃ ስትይዙ ፈቃዱን ጠይቁ፣ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤት ፈቃድ ይለያያል።

ሁለተኛው እዚያው ፍርድ ቤቱ አካባቢ ነው። ሳላስፈቅደው ስሙን አልጽፍም። ቢሮው ጠባብ ነው፣ ብርዱ አይጣል፣ ጋቢ ደርባችሁ ሂዱ። ሰውዬው ግን ሥራውን ያውቃል። እህቴ የባሏን ጥፋት ልትዘረዝር ስትል "እሱን እንመለስበታለን" ብሎ አንድ ወረቀት አወጣና መሃሉን አሰመረ። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ በግራ። በትዳር ውስጥ የተፈራው በቀኝ። ግራው የግል፣ ቀኙ የጋራ ነው።

"ባጃጁ ግን በሱ ስም ነው" አለችው።

"ስሙን ተይውና መቼ ተገዛ?"

ከተጋቡ በኋላ ነው። ቀኝ ገባ። በአንዱ ስም ተመዘገበ ማለት የግሉ ነው ማለት አይደለም፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። እህቴ ደስ ብሏት ሳትጨርስ "ዕዳስ?" አላት። ዝም አለች። ለሱቁ ብለው የተበደሩት ነበር። "ለቤታችሁ ጥቅም የዋለ ከሆነ ያንቺም ዕዳ ነው እህቴ፣ ዛሬ ከኔ ብትሰሚው ይሻላል" አላት። በስጨት ብላ ወጣች። እኔ ግን ሰውዬውን የወደድኩት ያኔ ነው። ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ የማይዋሽ ጠበቃ ከየት ይገኛል?

ከገጠር የምትመጡ የመሬት ይዞታ ደብተሩን እንዳትረሱ። የባልና ሚስቱ ስምና ፎቶ አብሮ ካለበት ክርክሩ ይቀላል። መሬት ስለማይሸጥ የሚካፈሉት ይዞታውን ነው፣ "ሸጠን እንካፈል" የሚላችሁ ካለ ሕጉን አያውቅም።

ልጆቹ ላይ እህቴ "እሱ ስላጠፋ ልጁ ለኔ ነው" ብላ ነበር የገባችው። እንደዚያ አይሠራም። የሚታየው ለልጁ የሚበጀው ነው፤ ዕድሜው፣ ጤናው፣ የወላጆቹ ገቢና ኑሮ። ልጁ እሷ ጋ ሆነ፣ አባትየው ቀለብ ይቆርጣል። ቀለብ የሚወሰነው በከፋዩ አቅምና በልጁ ፍላጎት ስለሆነ የገቢ ማስረጃውን ቀድማችሁ አፈላልጉ፣ በኋላ "ምንም የለኝም" ማለት ይመጣል።

አቅም የሌላችሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ ስላለው መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ።

ለሁለተኛው ጠበቃ ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። ክፍያውን በውል አስፍሮ በየደረጃው ነው የተቀበለን፣ በየቀጠሮው ምን እንደተባለም ይነግረን ነበር። አንዷን የቀነስኩበት ስልክ ስለማያነሳ ነው፤ ደውላችሁ ከምትደክሙ ከሰዓት በአካል ሂዱ፣ ጠዋት ችሎት ነው የሚውለው።