ቻይና ለማስተማር የምትሄዱ መምህራን፣ ለሁለት የተከፈለ ደሞዝ አትፈርሙ

ቻይና ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ለመምጣት የተዘጋጁ መምህራን ውላቸውን አንብብልን ብለው ሲልኩልኝ ደጋግሜ የማገኘው አንድ አደገኛ አንቀጽ አለ፦ “መሠረታዊ ደሞዝ 5,000 ዩዋን፤ ልዩ ልዩ አበል 10,000 ዩዋን፤ አበሉ በዊቻት ይከፈላል።” ዊቻት ቻይና ውስጥ ገንዘብ በስልክ የሚከፈልበት መተግበሪያ ነው። ደላላው በስልክ “ደሞዝህ 15,000 ነው” ይላል። አይደለም። በመንግሥት ዘንድ የሚታወቀው ደሞዛችሁ 5,000 ነው። ቀሪውን እዚሁ ትበሉታላችሁ እንጂ በባንክ መንዝራችሁ ወደ አገር ቤት ለመላክ መከራችሁን ታያላችሁ።

5,000 የተባለው በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በቻይና ከወር ገቢ ላይ የመጀመሪያው 5,000 ዩዋን ግብር አይከፈልበትም። ትምህርት ቤቱ ይህን ብቻ ካሳወቀ የግብሩ ጣጣ ይቀርለታል፤ በደሞዝ ልክ የሚሰላው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮም ይቀንስለታል። ለመምህሩ ግን “ግብር እንዳይቆረጥብህ ብለን ነው” ይባላል፣ ውለታ እንደተዋለለት ሁሉ። እስቲ እናስላው። ሙሉ 15,000 ዩዋን ተመዝግቦለት ዓመቱን የሠራ ሰው ገቢው 180,000 ነው። ከዚያ ግብር የማይከፈልበት 60,000 (በወር 5,000 ለ12 ወር) ሲቀነስ 120,000 ይቀራል፤ በእሱ ላይ የሚከፈለው ግብር 9,480 ዩዋን ነው። በወር 790 ዩዋን ማለት ነው። መዋጮውን ብንጨምርበት እንኳ፣ ይህን ለማዳን ተብሎ በየወሩ 10,000 ዩዋን ያለ ማስረጃ ይቀራል።

ማስረጃው ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባችሁ ባንክ ስትሄዱ ነው። የውጭ ዜጋ ደሞዙን ወደ ዶላር ሲመነዝር ፓስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የሥራ ውልና ግብር የተከፈለበትን ማስረጃ ያቀርባል። ባንኩ የሚመነዝረው ወረቀቱ የሚያሳየውን ያህል ነው። አንድ የፊዚክስ መምህር ባልደረባዬ የዓመት ቁጠባውን ለእናቱ የቤት ማሠሪያ ሊልክ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። የባንኳ ሠራተኛ ሰነዶቹን አንድ በአንድ ተቀብላ የግብር ማስረጃው ላይ ስትደርስ ቆመች። በየወሩ መስመር 5,000 ገቢ፣ ዜሮ ግብር፤ እስከ ታች ድረስ እንደዚያው። ስልኳ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና ትርጉሙን በመስታወቱ ላይ አሳየችን፦ “የቀረው ገንዘብ ከየት መጣ?” ትሑት ልጅ ነበረች፤ ሥራዋን ነው የሠራችው። እሱ ግን የሚመልሰው አልነበረውም። ሌሊት ፈተና እያረመ ያገኘውን ገንዘብ ሌባ እንደሆነ ሰው ሲጠየቅበት ማየት አሁንም ያናድደኛል። ትምህርት ቤቱ አቤቱታውን ሲሰማ “ውሉን አንብበህ ፈርመሃል” ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ያለ ማስረጃ በባንክ መመንዘር የሚቻለው በቀን እስከ 500 ዶላር ነው፤ እሱንም የማይቀበሉ ቅርንጫፎች አሉ። በጥሬው ይዤ እወጣለሁ ብትሉ፣ ከአገር ይዞ መውጣት የሚፈቀደው 20,000 ዩዋን ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ “መፍትሔ አለን” የሚሉ ይመጣሉ። አንዱ ያስቀጠራችሁ ኤጀንሲ ራሱ ነው፤ ቻይናዊ ሠራተኛችን በስሙ ይመንዝርልህ ይላል። ቻይናውያን በዓመት እስከ 50,000 ዶላር የመመንዘር መብት ስላላቸው ነው። መብቱ ግን የሚሸጥና የሚከራይ አይደለም። ገንዘባችሁም ያለ ደረሰኝ ሌላ ሰው ሒሳብ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሌላው የእኛው ሰዎች የሚያመጡት ነው፣ ብዙ ሰው የሚጎዳውም በዚህ ነው። ጓንግዡና ዪዉ በሚባሉት የቻይና የንግድ ከተሞች ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ዩዋን ይፈልጋል፣ መምህሩ ብር ይፈልጋል። “ዩዋንህን ለዕቃ አቅራቢያችን አስገባ፣ አዲስ አበባ ላሉት ቤተሰቦችህ ብሩን ዛሬውኑ እናስገባለን” ይሉታል። ዩዋኑ ሄዶ ብሩ ካልመጣ ውሃ በላው። ማንን ትከሳላችሁ? ቻይና ውስጥ ምንዛሪን በግል መሸጥና መግዛት ራሱ ሕገ ወጥ ነው፤ እስከ ገንዘቡ 30 በመቶ፣ ነገሩ ከከበደም ከዚያ በላይ ያስቀጣል። ሒሳባችሁ የማጭበርበር ገንዘብ ከተዘዋወረበት ሒሳብ ጋር ተነካክቶ ከተገኘ ደግሞ ፖሊስ ካርዳችሁን ያግደዋል፤ የቤት ኪራይ መክፈያ እስክታጡ ድረስ። በዚያ ላይ ሰው ከባንክ ውጭ እንዲልክ ያደርገው የነበረው ምክንያት፣ የባንኩ ምንዛሪ ማነስ፣ ቀንሷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ባንኮች ለአንድ ዶላር የሚሰጡት 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። በባንክ መላክ እንደ ድሮው አያስቆጭም።

እንግሊዝኛ ታስተምራላችሁ ለተባላችሁ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የቋንቋ መምህር የሥራ ፈቃድ በአብዛኛው የሚሰጠው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ከሆነባቸው አገሮች ለመጡ ነው። ለኢትዮጵያዊ “ቪዛው ችግር የለውም፣ በንግድ ወይም በተማሪ ቪዛ ግባ” የሚል ደላላ እሳት ውስጥ እየከተታችሁ ነው። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተያዘ ሰው ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ነገሩ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል። ደሞዙን በባንክ መመንዘርማ የማይታሰብ ነው። እዚህ በትምህርት ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶችም ከዩኒቨርሲቲያችሁና ከፖሊስ ፈቃድ ሳታገኙ ቅዳሜና እሑድ ላስተምር አትበሉ።

ከመፈረማችሁ በፊት ሙሉው ደሞዝ በአንድ ቁጥር እንዲጻፍ፣ በስማችሁ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንዲገባና “ከግብር በፊት” ወይስ “ከግብር በኋላ” እንደሆነ እንዲገለጽ ጠይቁ። አበል የግድ ነው ካሉ እሱም ለግብር መሥሪያ ቤት እንዲታወቅ በውሉ ይስፈር። በውሉ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ አትመኑ፤ የቻይንኛውን ቅጂ ቋንቋውን ለሚችል ሰው አስነብቡ፤ ክርክር ቢነሳ ብዙውን ጊዜ የሚታየው እሱ ነው። “ሁሉም እንዲህ ነው የሚፈርመው” ካሏችሁ እኔ ሙሉ ደሞዜ ተመዝግቦ እየሠራሁ ነው፤ ብዙ ባልደረቦቼም እንደዚሁ።

ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ ዓመቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የቻይና መንግሥት የግል ገቢ ግብር መተግበሪያ ስልክ ላይ ይጫናል፤ አሠሪያችሁ በየወሩ ስንት ብሎ እንዳሳወቀ በውስጡ ይታያል። ሁለተኛው ወር ላይ ክፈቱት። ቁጥሩ ከውላችሁ ጋር ካልገጠመ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ሒሳብ ክፍል በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካላስተካከሉ እዚያው መተግበሪያ ላይ፣ ከተመዘገበው ገቢ ሥር፣ ቅሬታ ማቅረቢያ አለ።