ወደ ሊትየም ለተቀየረች የእጅ ባትሪ የቱ ይሻላል? የክር አምፖል፣ ባለ ጥርስ ኤልኢዲ ወይስ የተበየደ ቺፕ

የድሮ ባለ ሁለት ድንጋይ የብረት ባትሪውን ወደ ሊትየም (ቻርጅ ወደሚደረገው) ያስቀየረ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «አምፖሏ ቶሎ ቶሎ ትቃጠላለች፣ ምን ልግዛ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ እዚሁ ልጻፈው። መልሱን ለቸኮለ ሰው፦ ቺፕ (ጥርስ የሌለው፣ በብየዳ የሚታሰር ኤልኢዲ) አስበይዱ። ብር የሚቆጥር ደግሞ ሂሳቡን ከእኔ ጋር ያስላ።

ሁለት ድንጋይ ሲደመር 3 ቮልት ነው፤ ሲሠራ ወረድ ይላል። ስለዚህ ነው አምፖሏ አንገት ላይ «2.5 ቮልት፣ 0.3 አምፒር» የሚባለው ጽሑፍ ያለው። ሊትየሟ ደግሞ 3.7 ትባል እንጂ ጢም ብላ ስትሞላ 4.2 ናት። የ2.5ቷን እዚያ ላይ ብታስሩ ለጥቂት ጊዜ እንደ መኪና መብራት ታበራና እልም ትላለች። ሻጩን አትሳደቡ፣ አምፖሏ የተሠራችው ለድንጋይ ነው።

የክር አምፖል የሙጥኝ ካላችሁ 3.8 ቮልት ብላችሁ ጠይቁ። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ለእኔ የተጠራልኝ ፍሬው 15 ብር ነው፤ ቀፊራ ጉልት ላይ 20 ብለውኛል፤ ዐሥሩን በአንድ ላይ ለሚወስድ 120 ድረስ ይወርዳል። ርካሽ ነው፣ አልክድም። ጣጣው ማሸጊያው 3.8 እያለ ውስጡ የ2.5 መሆኑ ላይ ነው። አንገቷ ላይ ያለውንም ጽሑፍ አትመኑ፤ ማተም የሚከብደው የለም። ሁለት አዲስ ድንጋይ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ለኩሷት። በሁለት ድንጋይ ፈዘዝ ብላ ወደ ቢጫ ካደላች እውነተኛ 3.8 ናት። ነጭ ሆና ቦግ ካለች ግን 2.5 ናትና መልሱ። ሻጩ «አቦ፣ ይሄማ ጎበዝ ስለሆነ ነው!» ይላችኋል። ፈገግ ብላችሁ መልሱ።

ትክክለኛዋን ብታገኙም ሂሳቡ አያዋጣም። የክር አምፖል ላይ ቮልት በ10 በመቶ ሲጨምር ዕድሜዋ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል፤ ከ3.8 ወደ 4.2 ደግሞ ልክ ያን ያህል ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚዞር ዘበኛ በወር ሁለት ቢቀይር በዓመት 360 ብር አወጣ። የባሰው ደግሞ ያቺ ክር ሊትየሟን ከብርሃን ይልቅ በሙቀት ትጨርሳታለች። ድሬ ላይ ሙቀት የሚገዛ ሰው አለ?

ባለ ጥርሱ ኤልኢዲ የብዙዎቻችሁ ምርጫ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያለ ብየዳ አሮጌዋን ፈትቶ አዲሷን ማጥበቅ ነው። ከ70 እስከ 90 ብር ይጠሩበታል፤ ከ60 በላይ አትክፈሉ፤ እኔ ብሆን በ60ም አልገዛውም። የድሮዋ ሳህን (አምፖሏን የከበበችው አንጸባራቂ) የተሠራችው በየአቅጣጫው ለሚበራ ክር ነው፤ ይኸኛው ኤልኢዲ ግን በአብዛኛው ወደ ፊት ይረጫል። ብዙው ብርሃን ሳህኗን ሳይነካ ይበተናል፤ እግራችሁ ሥር ያለውን ድንጋይ እንጂ አጥር ጥግ የቆመውን አያሳያችሁም። ደግሞ «ከ3 እስከ 18 ቮልት» የሚል ጽሑፍ አለበት። የተቃጠለ አንዱን ሰብሬ አይቼዋለሁ፦ ውስጡ አንዲት ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የምትገታ ትንሽ ዕቃ) ብቻ ናት። በ3 ቮልት የምታበራ ሬዚስተር በ18 ቮልት ቺፑን ትጠብሰዋለች። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሙሉ ሊትየም ላይ ትንሽ አብሩት። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ካደላና አንገቱ ጣት ከፈጀ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይለያል፣ ክር አይለይም። አልበራ ሲል «ሞቷል» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት የባትሪዋ ሽቦ ተገልብጦ የታሰረ እንደሆነ እዩ።

አሁን ወደ ቺፑ። የተበላሸች ባለ ቻርጅ የቻይና ባትሪ እቤቱ የሌለ ድሬዳዋ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የብዙዎቹ ሆድ ውስጥ ያለው 4 ቮልት አሲድ ባትሪ ነው፤ ባዶውን ከከረመ ይሞታል። ቺፑ ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። እሷን ይዛችሁ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ሂዱ። ሳቢያን ሰፈር ያለው ጠጋኝ ልጅ የእጁን 100 ብር ያስከፍለኛል፤ ቺፕ ከሌላችሁ የራሱን በ50 ይጨምራል። በቃ፣ 150 ብር። ከላይ ባልኩት ዘበኛ ሂሳብ በአምስት ወር ራሱን ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ትርፍ ነው።

ብየዳው ላይ ግን ቁሙና እዩ። ጠጋኙ ቺፑን ከተቀመጠበት የአሉሚኒየም ዝርግ ነቅሎ ባዶውን ሊበይድ ካሰበ አስቁሙት፤ ሙቀቱን የሚጠጣው ያ ዝርግ ነው። ከባትሪዋ ብረት ጋር በነጩ የሙቀት ቅባት ይገናኝ። የፕላስቲክ ባትሪ ካላችሁ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ቺፑ ከ1 ዋት አይብለጥ። ከሁሉ በላይ ሬዚስተር! «ሊትየም ስለሆነ በቀጥታ ይሠራል» የሚል ጠጋኝ ብዙ ነው። ይበራል እንዴታ፤ ጢም ብላ የሞላች ዕለት ግን ቺፑ ያለቅጥ ኤሌክትሪክ ይጎትታል። ለ1 ዋት ቺፕ 3 ኦም፣ ግማሽ ዋት የምትችል ሬዚስተር ይበቃዋል፤ ከተጣለ ሬዲዮ ላይ በነፃ ትገኛለች። ከዚያ ቺፑ ድሮ ክሯ በነበረችበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ፤ ሦስት ሚሊ ዝቅ ቢል ጨረሩ መሀሉ ጠቁሮ ቀለበት ይሠራል።

የሊትየሙንም ነገር ካነሳን፣ «9900» (ሚሊአምፒር-ሰዓት፣ የምትይዘው ኃይል) ተጽፎባት በ120 ብር የምትሸጠውን ተዉአት። በዚያ ቁመትና ውፍረት የሚሠሩት ጥሩዎቹ 3500 አካባቢ ናቸው። እውነተኛዋ ክብደቷ 45 ግራም ገደማ ነው፤ ወርቅ ቤት ዘመድ ያለው ያስመዝናት። ከድሮ ላፕቶፕ የወጣች በ80 ብር እኔ እመርጣለሁ፣ ከ2.5 ቮልት በታች ወርዳ ካልተገኘች። በግንቦት ሙቀት ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ትታችኋት አትሂዱ።

ያላስቀየራችሁ፣ በሁለት ድንጋይ የምትጠቀሙ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ትንሽ እንደደከመ ይደበዝዛል። ለእናንተ የ15 ብሯ 2.5 ቮልት ክር ትበቃለች።

ሐረር ያላችሁ ለዚህ ብላችሁ 50 ኪሎ ሜትር ድሬ አትውረዱ፤ የደርሶ መልሱ ትራንስፖርት ከአምፖሉ ይበልጣል። ጀጎል ውስጥም ውጭም ካውያ የያዘ ጠጋኝ አይጠፋም። የሞተች ባትሪያችሁን ለቺፕ ይዛችሁለት ሂዱ፤ ሲጨርስም ሊትየሟ ሙሉ እያለች ቺፑ የሚጎትተውን አምፒር በመልቲሜትር አስለኩት። ለ1 ዋት ቺፕ ከ0.35 አምፒር በላይ ካነበበ ሬዚስተሯን ከፍ ያድርግላችሁ፤ ብሩን ከዚያ በኋላ ስጡት።