የቃላት ምሥረታ ካርዶች ለጀማሪ አንባቢዎች

ለሁለተኛ ክፍል ልጄ የገዛሁት የአማርኛ ቃላት ካርድ ትልቁ ብርታቱ፣ ፊደል የለየ ልጅ እያንዳንዱን ቃል እንደ አዲስ ከመሸምደድ ይልቅ «ክ-ፍ-ት» ከሚለው ሥር ከፈተ፣ ተከፈተ፣ አስከፈተ፣ ከፋች፣ መክፈቻ የሚሉት ቃላት እንዴት እንደሚወጡ በእጁ እያገጣጠመ እንዲያይ ማድረጉ ነው። ልጄ አንብባው የማታውቀውን «መቁረጫ» የሚለውን ቃል «ቆረጠ» ከሚለው ጋር አገናኝታ ትርጉሙን ራሷ ስትደርስበት ማየቴ እጅግ አስደስቶኛል። ወረቀቱም ጠንካራ ነው።

ሆኖም ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ «ገና» የሚለው ቃል በዓሉን ይሁን «እስካሁን አልሆነም» ማለትን የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ሆኖ ሳለ፣ ካርዱ ቃሉን ብቻውን አስፍሮታል፤ ይህን ጉድለት ቀላል አድርጌ አላየውም። እስኪታረም ድረስ በየካርዱ ጀርባ አጭር ዓረፍተ ነገር በእርሳስ እየጻፍሁ እናነባለን።