ለማይመጣ ጎርፍ የሚከፈል ሂሳብ፦ የሆላንድ ዋተርስኻፕ ከአንድ ከፋይ ዓይን

በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ የማትቀር አንዲት ደብዳቤ አለች። የዋተርስኻፕ ግብር ናት። መጀመሪያ የመጣችልኝ ጊዜ የቧንቧ ውሃ ሂሳብ መስላኝ ነበር። የቧንቧውን ደግሞ ለሌላ ድርጅት ከፍያለሁ። ሁለቴ ሊያስከፍሉኝ ነው ብዬ ወረቀቷን ይዤ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ።

ጎረቤቴ ሰማንያን ሊደፍኑ ትንሽ የቀራቸው ሴትዮ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ "ይሄ የቧንቧ አይደለም። እግርህ እንዳይረጥብ የምትከፍለው ነው" አሉኝ።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ከባሕር ወለል 1200 ሜትር ገደማ ከፍ ካለች ከተማ ተነስቼ ሮተርዳም፣ ፕሪንስ አሌክሳንደር የሚባል ሰፈር ገባሁ። እዚህ መሬቱ ከባሕር ወለል በታች ስድስት ሜትር ድረስ ይወርዳል። ቤታችን ደግሞ ግራውንድ ላይ ናት። ስለዚህ ስለ ምግብ ቤትና ስለ ስልክ ሁሉም ሰው ግምገማ እየጻፈ ኮከብ ከሰጠ፣ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ስለከፈልኩበት አገልግሎት ልጻፍ።

ዋተርስኻፕ የውሃ አስተዳደር ነው። ከማዘጋጃ ቤት የተለየ፣ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ግብር ያለው። በአገሩ 21 አሉ። የአንዳንዶቹ ሥር 13ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ይደርሳል፤ እኛ ጋ ይኩኖ አምላክ የነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ዳይክ የሚሉትን ሣር የለበሰ ረጅም የአፈር ግድብ ይጠብቃሉ፣ የዝናቡን ውሃ በፓምፕ ያወጣሉ፣ ፍሳሽ ያጣራሉ። ዳይኩን እየቦረቦረ የሚገባ አይጥ መሳይ እንስሳ አለ፤ እሱን ብቻ የሚያጠምዱ ሠራተኞች አሏቸው። ስሰማ ሳቅኩ። ጎረቤቴ አልሳቁም።

ምርጫም አላቸው። ማርች 2023 ላይ የሆላንድ ፓስፖርት ሳልይዝ፣ በመኖሪያ ፈቃዴ ብቻ ድምፅ ሰጠሁ። እዚህ አገር የሰጠሁት የመጀመሪያ ድምፅ ለዳይክ ሆነ እንግዲህ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የፍሳሽ ማጣሪያው ክፍያ ብቻውን የሚኖረውን ሰው አንድ ብሎ ይቆጥራል። ከአንድ ሰው በላይ ያለበት ቤት ግን፣ ሁለትም ሁኑ ሰባት፣ ሦስት ተብሎ ነው የሚከፍለው። ባለቤቴ ከድሬ የመጣች ዓመት ሂሳቡ ሲያሻቅብ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሁለት ነን፤ የምንከፍለው የሦስት ሰው። ሰባት ልጅ ላለው ቤት ግሩም ነው። ለኛ ግን ዘረፋ ነው የሚመስለው። እዚህ ላይ ከአምስቱ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ።

የቀሩት አራት ኮከቦች ለምን እንዳልተነኩ ለማስረዳት እማዬን ማምጣት አለብኝ።

እማዬ ለሦስት ወር ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ሴፕቴምበር ነው። ማስላንትኬሪንግ የሚባለው፣ የባሕሩን ማዕበል የሚያግደው ትልቁ የብረት በር በየዓመቱ የማዕበል ወቅት ከመግባቱ በፊት ለሙከራ ይዘጋል፤ ሰውም ወጥቶ ያያል። በሩ የዋተርስኻፕ አይደለም። የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት የራይክስዋተርስታት ነው፤ ገንዘቡ ከሌላው ኪሴ ይወጣል ማለት ነው። ግን ዳይኩና በሩ አንድ ሥራ ናቸው። እማዬን በሜትሮ ይዣት በሩ ወዳለበት ወደ ሁክ ፋን ሆላንድ ሄድኩ።

ውሃው 360 ሜትር ስፋት አለው። በግራና በቀኝ ነጭ ክንዶች ተዘርግተዋል። እያንዳንዱ በር 210 ሜትር ይረዝማል፣ 22 ሜትር ይቆማል። ተጋድመው ከሚኖሩበት ጉድጓድ ውሃ ተለቆባቸው ይንሳፈፋሉ፣ ቀስ እያሉ መሃል ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ሆዳቸው ውሃ እየሞላ ይሰምጣሉ። እውነቱን ልናገር፣ ቀርፋፋ ነው። ልጆች ይሰለቻሉ። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ወፍራም ጃኬትና በፔርሙስ ሻይ ይዛችሁ ሂዱ።

እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ብዙ አየችና፣ "ጎርፉ የታለ?" አለችኝ።

"ዛሬ የለም እማዬ። ልምምድ ነው።"

"ለሌለ ጎርፍ ነው ይሄ ሁሉ ሰው የወጣው?"

አዎ አልኳት። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ፣ "ደቻቱም እኮ ያን ቀን ደረቅ ነበር" አለች።

ድሬን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም፤ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነገድበታል። በ1998 ክረምት፣ በኛ አቆጣጠር፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የወንዙ ዳር ግንብ የተጠናከረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሆላንዶቹም ቢሆኑ ቀድመው ብልጥ አልነበሩም። ጎረቤቴ የዜላንድ፣ የሆላንድ ደቡብ ምዕራብ ባሕር ዳርቻ፣ ሰው ናቸው። በ1953 ከጃንዋሪ 31 ለፌብሩዋሪ 1 አጥቢያ ባሕሩ ዳይኩን ሰብሮ ሲገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። 1836 ሰው ሞተ። እሳቸው ስለዚያ ሌሊት የሚያወሩት ስለ ላሞቹ ድምፅ ብቻ ነው። ማዕበል የሚያግዱት ትልልቆቹ በሮች የተሠሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የማስላንትኬሪንግ ተራ የደረሰው በ1997 ነው።

ይሄ በር ባሕሩ ሮተርዳም ላይ ከመደበኛው ልክ 3 ሜትር ከፍ ይላል ተብሎ ሲተነበይ፣ ሰው ሳይጠይቅ በኮምፒዩተር ይዘጋል። ዲሴምበር 21 ቀን 2023 ማታ በራሱ ተዘጋ። እኔ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ያወቅኩት ጠዋት ስልኬ ላይ ነው። ቤት ስገባ ባለቤቴ ተኝታለች፣ ምንጣፉ ደረቅ ነው።

የምወድላቸው ሌላው ነገር ዕቅዳቸው ነው። ዋናዎቹ መከላከያዎች በሙሉ በ2050 አዲሱን መስፈርት ማሟላት አለባቸው። ትልልቆቹን ውሳኔዎች ደግሞ በየስድስት ዓመቱ እንደገና ያዩዋቸዋል፤ ባሕሩ ከታሰበው በላይ ከፍ ካለ ዕቅዱም ይቀየራል። ባሕሩ ከፍ ባለ ቁጥር በሩ ቶሎ ቶሎ ይዘጋል፣ መርከቦቹም ውጭ ይቆማሉ። ወደቡ የከተማችን እንጀራ ስለሆነ ይሄ ቀላል ክርክር አይደለም።

ሁሉም ብረት አይደለም ደግሞ። ዴን ሃግ (ሄግ) አጠገብ ዛንድሞቶር የሚባል አለ፤ "የአሸዋ ሞተር" ማለት ነው። በ2011 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ አንድ ቦታ ደፍተው፣ ሞገዱና ንፋሱ ራሳቸው በዳርቻው ላይ እንዲያከፋፍሉት ተዉት። ለሃያ ዓመት ያህል እንዲሠራ ታስቦ ነው። እማዬን እዚያም ወስጃታለሁ። ጫማዋን አውልቃ፣ "ደቻቱን ይመስላል" አለች። ከበሩ ይልቅ እሱን ወደደችው። ለእግር ጉዞ ሂዱበት፤ ለዋና ግን አልመክርም።

እማዬ ኖቬምበር ላይ ተመለሰች። እሷ እያለች ቢያንስ ሦስት ነበርን፤ ሂሳቡ ልክ ነበር። የዘንድሮዋ ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ገባች። አሁንም ሦስት ይላል።