ኮተቤ አካባቢ የክረምት ትምህርት ለምትፈልጉ፤ ምስጋናም ጥቆማም ነው

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ሰኔ ተጋምሶ "ልጄን ክረምቱን የት ላውለው?" የሚል ጥያቄ ሲበዛ ግን ዛሬ ልተንፍሰው አልኩ።

ልጄ ዘንድሮ ስምንት ዓመቱን ይዟል። አምና በዚህ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲባል ሆዱን ይቆርጠው ነበር። ጠዋት ዩኒፎርሙን ሳወጣ "እማዬ ሆዴን" ይጀምራል፤ ቅዳሜ ግን ሆዱ ሰላም ነው። ያኔ የነበረበትን ትምህርት ቤት ስም አልጠራም። ክፍያው አሪፍ ነበር፣ ለእነሱ ማለቴ ነው። ሰሌዳ ፊት ወጥቶ በተሳሳተ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ይስቅበት እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ወደ ቲቸር የላከችኝ ጎረቤቴ ናት። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ራሳቸውም አይወዱ። ሰፈሩ በሙሉ ቲቸር ነው የሚላቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ክረምት ክረምት ግቢያቸው ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ያደርጓታል።

የመጀመሪያ ቀን አብሬው ገባሁ። "ፊደል ያውቃል?" አሉኝ። "አሳምሮ!" አልኩ። እውነቴን ነው፣ ከሀ እስከ ፐ ሳይተነፍስ ይወጣዋል። የፊደል ገበታውን በወረቀት ሸፍነው አንዲት "ሶ"ን ብቻ አስቀሩ። ልጄ ዝም። ረድፉን ገለጥ ሲያደርጉለት "ሰ ሱ ሲ ሳ ሴ ስ ሶ!" ብሎ ደረሰባት።

"ዜማውን ነው የሚያውቀው" አሉኝ፣ እሱ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጥሩ ነው፣ ጆሮው ተምሯል። አሁን ዐይኑ ይማር።"

33 በ7፣ 231 ፊደል። ያን ሁሉ በዜማ ሸምድዶ አንዷን ነጥሎ አለማወቅ ይቻላል ለካ! ሁለት ዓመት ሙሉ የከፈልኩት ለመዝሙር ነው።

ክፍሏ ውስጥ በረድፍ የተደረደረ ዴስክ የለም። ሰሌን ተነጥፎ ዙሪያውን ዱካ ተቀምጧል። መሀል ላይ አንድ ሳፋ ሙሉ የሀይላንድ ክዳን አለ፤ እያንዳንዱ ላይ በማርከር ፊደል ተጽፎበታል። ልጁ ደስ ያለውን ቃል ይናገራል፣ ክዳኖቹን ከሳፋው ፈላልገው አብረው ይሠሩታል። የኔው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ኳስ"። ኳ ደግሞ ዲቃላ ፊደል ናት፤ ተራዋ የሚደርሰው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። "እሷ ገና ናት" አላሉትም። አዲስ ክዳን ላይ ጻፉለትና "ይቺ ያንተ ናት" ብለው ኪሱ ከተቱለት። የዚያን ዕለት ክዳኗን ጨብጦ ነው የተኛው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ትምህርት አይሰማም። ያኔ ጠጋ ጠጋ ብለው እንቆቅልሽ ይጫወታሉ። "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልሽ!" (በጨዋታ ሰዓት ብቻ ቲቸርን አንቺ ማለት ይፈቀዳል።) ያልመለሰ አገር ይሰጣል፣ ግን በአፍ አይደለም። ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት የከተማ ስሞች የሰጠውን አንብቦ፣ ነቅሎ ማምጣት አለበት። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ደርሼ በር ላይ ቆሜ ሳይ፣ የኔው "ጅማን ሰጠሁሽ" ብሎ ጅጅጋን ይዞ ከች አለ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ቲቸር ወረቀቱን አዩና ነጠላቸውን እያጣፉ "ኧረ በሕግ! ቡና ልጠጣ ጅማ ብዬ ተነስቼ ግመል መሀል ጣልከኝ?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጄም እየሳቀ ተመልሶ ሄደና ሁለቱን ወረቀቶች አጠጋግቶ በጣቱ ያመሳክር ጀመር። "አንዱ ላይ ጅ ሁለቴ አለች!" ብሎ ጮኸ።

እንከን የላቸውም አልልም። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ከ15 ልጅ በላይ አይቀበሉም። ልጁን ለመውሰድ የሚዘገይ ወላጅ ቁጣቸውን ይቀምሳል፤ እኔም ቀምሻለሁ። ሒሳብና እንግሊዝኛ እንዲጠናለት የሚፈልግ ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል። የቤት ሥራ የሚባል ነገርም የለም። አማቴ ክረምቱን ሁሉ "ሲስቁ ውለው መቼ ነው የሚማሩት?" ሲሉ ከረሙ። ነሐሴ ላይ የሽሮ ማሸጊያውን ከላይ እስከ ታች ሲያነብላቸው ነው ዝም ያሉት።

ቲቸር፣ ይህን ልጅዎ በስልኳ እንደምታነብልዎት አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ያቺ የኳ ክዳን አሁንም ቦርሳው ውስጥ ናት።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ምዝገባው ሰኔ መጨረሻ ነው፣ ትምህርቱ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ። ያልሞላለት ክፍያውን በሁለት ጊዜ ይከፍላል። ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ፤ 20 የሀይላንድ ክዳን ግዴታ ነው። ቀይ ካገኛችሁ ይመረጣል፣ ሰማያዊው ሞልቷቸዋል።